ካምፐራችን በሊትር ስንት ትሄዳለች? የናፍጣ ማስታወሻዬ

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ካምፐራችን፣ ማለትም እንደ ቤት የምናድርባት የጉዞ መኪናችን፣ አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 12.5 ሊትር ናፍጣ ትጠጣ ነበር። አሁን 10.2 አካባቢ ናት። በአገር ቤት አቆጣጠር በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ወደ 10 ተጠግታለች ማለት ነው። ሞተሩ አልተነካም፣ ሶፍትዌርም አላስቀየርኩም። የገዛሁት ነገር ቢኖር አንድ የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው።

መኪናዋ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራች የ2014 ምርት ናት። ሞተሯ 2.3 ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሿ ባለ ስድስት ማንዋል። ሰባት ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ከፍታዋ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የተፈቀደላት ክብደት 3.5 ቶን ነው። የምንኖረው ፍራንክፈርት ስለሆነ የምጽፈው ሁሉ ለጀርመን አውቶባንና ለአልፕስ ዳገት ይሠራል። አሜሪካ ያላችሁ ባለ ትልልቅ ካምፐሮች ሒሳቡን በራሳችሁ መኪና ልክ ስፉት።

ከሁሉ በፊት አለካኩ መስተካከል አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የፍጆታ ቁጥር ግምት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሾፌሩን ደስ ወደሚያሰኘው ጎን ያደላል። ስለዚህ ሙሉ አስቀድቶ መነሳት፣ ሄዶ ሄዶ እንደገና ሙሉ መቅዳት፣ የገባውን ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ናፍጣ አረፋ ይሠራል። መቅጃው ቀጭ ብሎ ሲቆም ብዙ ጊዜ ያስቆመው አረፋው እንጂ ናፍጣው አይደለም። እኔ ትንሽ እጠብቃለሁ። አረፋው ሲወርድ የሚሰማ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ አለ። እሱ ሲያበቃ ቀስ አድርጌ እጨምርና ሁለተኛው ቀጭ ላይ አቆማለሁ። መሬቱ ካዘመመም ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ይለያያል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ፣ መኪናዋንም በአንድ አቅጣጫ አቁሜ የምቀዳው። በ400 ኪሎ ሜትር ላይ 2 ሊትር ከተሳሳትን ለ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ውሸት ይገባበታል። አንድ ጊዜ ቀድቶ «ቀነሰልኝ» ማለት አይቻልም። ደጋግሞ ቀድቶ አማካዩን ማየት ያስፈልጋል።

ሌላም ሌባ አለ። ማሞቂያችን የሚሠራው በናፍጣ ነው፤ የሚቀዳውም ከዚያው ከመኪናው ታንከር ነው። በብርዱ ወራት ሌሊቱን ስንሞቅ የምናድርበት ናፍጣ የሞተሩ ሒሳብ ላይ ይደመራል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አየር 25 ዲግሪ ላይ ካለው ወደ 9 በመቶ ይወፍራል። ያንን እየገፋን ነው የምንሄደው። የታኅሣሥን ቁጥር ከሐምሌ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ፍጥነት። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ምክንያቱም የሚገዛና የሚገጠም ነገር ነው የሚጠብቀው። ግን ካምፐር ማለት ቁም ሳጥን አቁሞ ንፋስ ውስጥ መግፋት ነው። የአየር ግፊቱ ከፍጥነቱ እኩል አያድግም፣ በስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ100 ወደ 120 ስትወጡ ፍጥነቱ 20 በመቶ ይጨምራል፤ የአየሩ ተቃውሞ ግን 44 በመቶ። በአውቶባን ፍጥነት ደግሞ ሞተሩ ከሚታገለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ አየሩ ነው።

እስከ 3.5 ቶን ያሉ ካምፐሮች አውቶባን ላይ አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ የለባቸውም፤ የሚመከረው 130 ነው። ከዚያ በላይ እስከ 7.5 ቶን ላሉት 100 ነው። እኔ 3.5 ላይ ሆኜ የከባዶቹን 100 ተዋስኩ። ይህ እንግዲህ በዳሽቦርዱ 100 ነው። በሕጉ የፍጥነት መለኪያ ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ማሳየት አይፈቀድለትም፤ ከፍ አድርጎ ግን ይችላል። የእኔ 100 በጂፒኤስ 95 ነው፤ ድሮ 120 እያልኩ የምነዳውም 114 ነበር። ጓደኛችሁ «በ110 እየነዳሁ ይህን ያህል በላች» ካላችሁ በየትኛው 110 ብላችሁ ጠይቁት።

ከፍራንክፈርት ሙኒክ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ላይ በ114 እና በ95 መካከል ያለው ልዩነት 40 ደቂቃ ነው። በናፍጣ 9 ሊትር። ደግሞ 40ው ደቂቃ በተግባር ሙሉ ለሙሉ አይገኝም፤ መንገድ የሚጠገንበት ቦታ ላይ ሁላችንም እኩል 80 እንነዳለን። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «በዚህ አያያዝህ ልጆቹ እዚሁ መኪና ውስጥ ነው የሚያድጉት» ብላ ስቃብኛለች። አሁን ሞተሩ ጸጥ ስለሚል ከኋላ ሙዚቃ ይሰማል፤ ክሱ ተነስቷል። ከባድ መኪኖቹ 90 ላይ በገደብ የታሰሩ ናቸው፤ ስለዚህ በ95 ማንንም ሳላውክ ቀስ ብዬ አልፋቸዋለሁ። ከኋላቸው ተለጥፎ ንፋስ መሸሽን ግን እርሱት። 3.5 ቶን ቶሎ አይቆምም።

ንፋስም ያው ፍጥነት ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊት ለፊት የሚመጣ ንፋስ ውስጥ በ100 ስትነዱ መኪናዋ በ120 እንደምትሄድ ነው የምትቆጥረው። ወደ ሐምቡርግና ወደ ዴንማርክ በኤ7 አውቶባን ስትወጡ ይህ በደንብ ይታያል። ሲሄዱ 11፣ ሲመለሱ 9.5 ቢያሳይ አትደነቁ።

ዳገትን በተመለከተ አንድ ሒሳብ ሠርቼ ተገረምኩ። 3.5 ቶን 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ናፍጣ ይበቃል። ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር መተላለፊያ (1,370 ሜትር) ከፍታው ወደ 800 ሜትር ነው፤ ሁለት ሊትር በሉት። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ካነሳችሁ ሞተሩ ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል። ዜሮ። አገር ቤት ከባድ መኪና ይነዳ የነበረው አጎቴ በእሱ ጊዜ ዓባይ በረሃን ሲወርዱ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ የሚያደርጉ ሾፌሮች እንደነበሩ ያወራል። «ጋሼ፣ እንደውም ማርሽ ነጻ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈልጋል» ስለው፣ «ነዳጁን ተወው፣ ፍሬኑ ነው የሚነደው!» አለኝ። ሁለታችንም ልክ ነን።

ጎማ ላይ ያገኘሁት ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። የእኔዎቹ ለካምፐር የሚሠሩት 225/75 አር 16 ሲፒ ናቸው። የመኪናው መጽሐፍ ከፊት 5.0፣ ከኋላ 5.5 ባር ይላል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ እለካለሁ። ንፋስ የጎደለው ጎማ ናፍጣ ይበላል፣ ይሞቃልም። ልክ የሆነውን ከዚያ በላይ ማጠንከር ግን ሳህን ከማንኳኳት በቀር ያመጣልኝ ነገር የለም።

ክብደት ላይ ብዙዎቻችሁ አትስማሙም ይሆናል። 100 ሊትር ውኃ አፍስሶ መነሳት ሜዳ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር ከአንድ አሥረኛ ሊትር ያነሰ ነው የሚያተርፈው። ክብደት የሚያሳስበኝ በቅጣቱና በፍሬኑ ነው፣ በናፍጣው አይደለም። ጣሪያ ላይ ያለው ሳጥን ግን ባዶውንም ቢሆን ንፋስ ይይዛል። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ነገር ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አውርዱ።

ማደያ የሚሸጡት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈሳሽና ውዱ ናፍጣ እኔ ማስታወሻ ላይ ምንም አላሳዩም። የአየር ፊልትሮ ቆሽሾ ከሆነ ቀይሩት፤ የእኔው ንጹሕ ነበር። ስድስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ እያቃሰተ ዳገት ማስወጣትም ቁጠባ አይደለም። ይህ ሞተር ጥሩ ጉልበቱን የሚሰጠው 1,800 ዙር አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ሲወርድ አንድ ማርሽ እመልሳለሁ።

የቀረኝ ከኋላ የሚታሰሩት ብስክሌቶች ናቸው። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ንፋስ በሌለበት ቀን አንዴ ከእነሱ ጋር፣ አንዴ ያለ እነሱ ልሞክር አስቤያለሁ። እናንተም ቁጥራችሁን ስትልኩልኝ የመኪናዋን ከፍታና በጂፒኤስ የለካችሁትን ፍጥነት ጨምሩበት። ማሞቂያ አብርታችሁ ከነበረም ጻፉት።