ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ሰጥቼ ደሙ ለምን ረጋ?

ባሕር ዳር ኩላሊት እጥበት ክፍል በገባሁ በጥቂት ወር ውስጥ የሆነ ነው። ታካሚው ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ አባት ናቸው። ያን ቀን ጣና ነፋስ ነበረውና ዘግይተው ደረሱ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላ ተረኛ ይጠብቃል። ቸኮልኩ።

ከእጥበት በፊት ማጣሪያውና ቱቦው በሳላይን (በጨው ውሃ) ይሞላል። የማጣሪያው ሰማያዊ ጫፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ ከዚያ አየሩ እስኪወጣ መታ መታ ማድረግ ነው። እኔ ላዩን አይቼ አለፍኩት።

ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ጮኸ። የግፊት ማስጠንቀቂያ ነው። በማጣሪያው ውስጥ ደም በሚያልፍባቸው ነጫጭ ክሮች መሃል ጥቁር ጥቁር መስመር አየሁ። ደሙ ረግቷል። የረጋ ደም ደግሞ ወደ ታካሚው አይመለስም። 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ያውም ደም ያነሳቸው ሰው!

«ምን ሆነ ልጄ?» አሉኝ።

«አየሩን በደንብ ሳላወጣ ነው ያስጀመርኩዎት አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዝም ብለው ቆዩና «በይ አሁን አስተካክይው» አሉ።

ሄፓሪን ግን ሰጥቻቸው ነበር። ግራ የገባኝ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነባሯን ሲስተር ጠየቅኳት።

የደም ሥራችን ውስጠኛው ሽፋን ሕያው ሴል ነው አለችኝ። ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን የሚባሉ ነገሮች እያመነጨ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ሴሎች፣ እንዳይለጠፍ ይከላከላል። ሄፓሪን መሰል ነገርም በላዩ አለው። የማጣሪያውና የቱቦው ፕላስቲክ ይህ ሁሉ የለውም። ደም ሲነካው በሴኮንዶች ውስጥ ፕሮቲን ይለጠፍበታል። ከፕሮቲኖቹ አንዱ፣ ፋይብሪኖጅን የሚባለው፣ ከተለጠፈ ፕሌትሌት እሱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሌሎቹንም ይጠራል። የአየር አረፋም ለደም ያው ባዕድ ገጽ ነው። አየር የዘጋው ክር ውስጥ ደግሞ ደሙ አይፈስም፣ ይቆማል።

«ሄፓሪን የመርጋቱን ሰንሰለት ነው የሚይዘው። ፕሮቲንና ፕሌትሌት እንዳይለጠፍ አያደርግም» አለችኝ።

ይህን ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አልኩ። አየር ማስወጣትን እስከዚያ ቀን እንደ ጽዳት ሥራ ነበር የማየው። ለአዲስ ነርስ «እንዲህ አድርጊ» ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነም መንገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

አባባ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው መጡ። ማጣሪያውን ይዤ ቆሜ መታ መታ ሳደርግ አዩኝ።

«ዛሬስ ቆየሽ» አሉ።

«አንድ አረፋ ቀርታለች አባባ።»

«ትውጣ፣ ትውጣ። ጀልባው እንደሆን ይጠብቀኛል።»