የመኪና ታክስ ይቅር ያሉት ዕጩ፦ የቨርጂኒያ ገዥ በእጁ ያለውና የሌለው

በ2025 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያ የገዥነት ምርጫ የሪፐብሊካን ዕጩዋ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ ካስቀደሟቸው አቋሞች አንዱ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የሚከፈለው የመኪና ታክስ ይቅር የሚል ነበር። በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአርሊንግተን ላለው አበሻ ይህ ጆሮ ገብ ቃል ነው። ኡበር የሚነዳውም ልጅ የሚያደርሰውም እስከ ኦክቶበር 5 የሚከፈለው ቢል ቤቱ ይገባል። ኧርል-ሲርስ በዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ተሸንፈዋል፤ ቃሉ ግን ተመልሶ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ስለዚህ አሁን ረጋ ብሎ መመርመሩ ይጠቅማል።

አንድ ዕጩ አቋሙን ሲናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን የማድረግ ሥልጣን የማን ነው?» የሚለው ነው። የመኪና ታክስን የሚጥለውም የሚሰበስበውም ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ይውላል። ገዥ ፈርሞ ብቻ አያነሳውም። 100 የታችኛው ምክር ቤት አባላትና 40 ሴናተሮች ያሉበት ሕግ አውጪ መስማማት አለበት፤ ካውንቲዎቹ የሚያጡትን ገንዘብ ማን እንደሚተካም በበጀት መጻፍ አለበት። ዕጩው ይህን ሁለተኛውን ካልመለሰ ቃሉ ገና ግማሽ ነው።

ይህ ደግሞ ከዚህ በፊት ተሞክሯል። በ1997 ሪፐብሊካኑ ጂም ጊልሞር የመኪና ታክስን አስቀራለሁ ብለው ተመረጡ። በ1998 የወጣው ሕግ ከመኪናው ዋጋ በመጀመሪያው 20,000 ዶላር ላይ ያለውን ታክስ ስቴቱ ቀስ በቀስ ለካውንቲው እንዲከፍል አደረገ፤ በ12.5 በመቶ ጀምሮ በ2002 መቶ በመቶ ሊደርስ። 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የስቴቱ ገቢ ወርዶ፣ መኪናውም ከተገመተው በላይ በዝቶ ነበርና። በኋላ ሕግ አውጪው ለሁሉም ካውንቲዎች በድምሩ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ጣሪያ አበጀ። መኪናው እየበዛና እየተወደደ ሲሄድ ገንዘቡ ባለበት ስለቆመ ለእያንዳንዱ መኪና የሚደርሰው ድጎማ እየቀነሰ መጣ።

በምሳሌ እንየው። መኪናዎ 25,000 ዶላር ተገምቷል፣ ታክሱም በመቶ ዶላር 4 ዶላር ነው እንበል። ጠቅላላው 1,000 ይመጣል። ድጎማው የሚሰላው በመጀመሪያው 20,000 ላይ ማለትም በ800 ዶላሩ ላይ ነው። የዘንድሮው ድጎማ 50 በመቶ ከሆነ 400 ይቀነስልዎታል፣ 600 ይከፍላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ 40 በመቶ ቢወርድ ካውንቲው የታክሱን መጠን ሳይነካ እርስዎ 680 ይከፍላሉ። ብዙ ሰው «ካውንቲው ጨመረብኝ» የሚለው ይህን ሳያይ ነው። ሹፌሮች በተለይ ልብ በሉ፦ መኪናው ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል ከሆነ ድጎማው ጭራሽ አይገባውም፣ ሙሉው 1,000 ይከፈላል። ስለዚህ ካውንቲው ስለ መኪናው አጠቃቀም የሚያቀርበውን ጥያቄ በየዓመቱ የተነዳውን ማይል አስልቶ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል።

ከስፓንበርገር በፊት ገዥ የነበሩት የሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የ2021 የምርጫ ቃልም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የአስቤዛ ታክስን ጨርሼ አነሳለሁ ብለው ነበር። ታክሱ 2.5 በመቶ ሲሆን 1.5ቱ የስቴቱ፣ 1ዱ የካውንቲና የከተማው ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 1.5ቱ ቀረ፤ 1ዱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ጤፍ፣ ሥጋና ሽንኩርት በ200 ዶላር የገዛ ሰው ድሮ 5 ዶላር የነበረው ታክስ አሁን ደረሰኙ ላይ 2 ዶላር ሆኖ ያገኘዋል። ሦስቱ ዶላር እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ሁለቱ የቀሩት የአካባቢው አስተዳደር ስለሆኑ ነው።

ኧርል-ሲርስ አጥብቀው የያዙት ሌላው አቋም ከ1947 ጀምሮ ያለውን የ«ራይት ቱ ወርክ» ሕግ ማስጠበቅ ነው። በአማርኛ «የመሥራት መብት» ተብሎ ሲተረጎም ብዙዎች ከሥራ ከመባረር የሚከላከል ይመስላቸዋል። አይደለም። ሕጉ የሚለው ሥራ ለማግኘት ወይም ለመቆየት የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ወይም መዋጮ መክፈል ግዴታ አይሆንም ነው። አሠሪ ያለ ምክንያት ማሰናበት መቻሉ ሌላ ሕግ ነው፤ ራይት ቱ ወርክ ቢሻርም ባይሻርም እሱ አይነካም።

ገዥ ብቻውን የሚያደርገው ግን አለ፣ እዚያ ላይ አቋም በአንድ ፊርማ ሥራ ይሆናል። ያንግኪን በፌብሩዋሪ 2025 ባወጡት 47ኛ ትእዛዝ የስቴቱ ፖሊስና የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት ከፌዴራል የኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር እንዲሠሩ አዘዙ። ኧርል-ሲርስ ደገፉት፤ ስፓንበርገር እሽረዋለሁ አሉ። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ዘመድ ላለው ቤተሰብ ከታክሱ ይልቅ ይህ ቅርብ ነው። የካውንቲ እስር ቤቶች ግን በሸሪፉ ሥር ናቸው፤ የእነሱ አሠራር ለብቻው ይጠየቃል።

በፅንስ ማቋረጥ ላይ ደግሞ ኧርል-ሲርስ ይህን መብት በስቴቱ ሕገ መንግሥት ለማስፈር የቀረበውን ማሻሻያ ተቃውመዋል። ነገር ግን ማሻሻያ በሕግ አውጪው ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ፣ ካለፈ በኋላ ወደ ሕዝብ ድምፅ ይሄዳል። ማሻሻያው ራሱ የገዥ ፊርማም ቪቶም የለበትም።

ወደ ታክሱ ልመለስና፣ ጊዜውንም ማስላት ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ በጀት የሁለት ዓመት ነው። አዲስ ገዥ ጃንዋሪ ላይ ሲገባ ተሰናባቹ በዲሴምበር ያቀረቡትን በጀት ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል፤ ማሻሻያ ከማቅረብ በቀር ከመጀመሪያው የራሱን አይጽፍም። የራሱን ሙሉ በጀት የሚያቀርበው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በተከታታይ ሁለተኛ ዘመን መወዳደርም አይችልም። የጊልሞር መቶ በመቶ የታቀደው ለ2002 ነበር፤ እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሥልጣን አስረከቡ።