4.9 የተባለው ፕሮሰሰር ለምን 2.4 ላይ ይቆማል?

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ስለሆነ ጓደኛም ዘመድም ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል እኔ ጋ ይደውላል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ስንት ጊጋኸርዝ ቢሆን ጥሩ ነው?» ጊጋኸርዝ የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ የፍጥነት መለኪያ ነው። ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘብ እንዲያወጣ ያደርጋል። ስለዚህ በደንብ ላስረዳ።

እኔ የምሠራበትን ላፕቶፕ እንይ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ7 10510ዩ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ 4 ኮር (ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰሩ ክፍል ነው)። ስፔኩ (የአምራቹ ዝርዝር መግለጫ) ላይ «እስከ 4.9 ጊጋኸርዝ» ይላል። ረዘም ያለ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ (ያቀናበርኩትን ወደ አንድ ፋይል እያወጣሁ) ጎን ለጎን ኤችደብልዩ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም እከፍታለሁ። ፍጥነት፣ ሙቀትና ዋት (የኃይል ፍጆታ) በየሴኮንዱ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱ 4 አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱ 90ዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ፋኑ መጮኽ ይጀምራል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሞላው ቁጥሩ ቁልቁል ይወርድና 2.4 አካባቢ ይረጋል። ኤክስፖርቱ እስኪያልቅ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጊዜ ዓይናችሁን ዋቱ ላይ አድርጉ። 15 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ላፕቶፑ አልተበላሸም። 4.9 የተባለውም ውሸት አይደለም፤ ግን የአንድ ኮር ጣሪያ ነው። አራቱም ኮሮች አብረው ሲሠሩ ጣሪያው ወደ 4.3 ይወርዳል። ስፔኩ ላይ 15 ዋት የተባለው ደግሞ የተሰላው ለመነሻው ፍጥነት፣ ማለትም ለ1.8 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ገዢው አብረው የሚሄዱ ይመስለዋል። አራቱንም ኮር በ15 ዋት 4.9 ላይ ማስሮጥ ግን አይቻልም።

ምክንያቱ ቮልቴጅ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። የኃይል ፍጆታው ደግሞ የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ቮልቴጅ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ እንኳ፣ ፍጆታው በ44 በመቶ ያድጋል። በዚያ ላይ የፍጥነቱን ጭማሪ አክሉበት። የመጨረሻዋ ግማሽ ጊጋኸርዝ በጣም ውድ የሆነችው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ዋት ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ማስወጫው ደግሞ አንዲት ቀጭን የመዳብ ቱቦና አንዲት ትንሽ ፋን ናት።

ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ሁለት የኃይል ገደብ ይቀመጣል። አንዱ ለአጭር ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ለ28 ሴኮንድ ያህል፣ ከፍ ብሎ መብላት የሚፈቅድ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ የሚሠራው ዝቅተኛ ገደብ ነው። ድረ ገጽ ስትከፍቱ ወይም ፎቶ ስታርሙ ሥራው በመጀመሪያው ገደብ ውስጥ ስለሚያልቅ ላፕቶፑ ፈጣን ነው። ችግሩ የሚመጣው እንደኔ ለረጅም ሰዓት ኤክስፖርት ለሚያደርግ ሰው ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ኢንቴል ይህንኑ ፕሮሰሰር ላፕቶፕ ሠሪው ከ10 እስከ 25 ዋት ባለው ውስጥ እንዲያስተካክለው ይፈቅዳል። አንዱ 10 ላይ፣ ሌላው 25 ላይ ሊያደርገው ይችላል። ስቲከሩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ሥራው ሰማይና ምድር። የተመረጠው ዋት ሳጥኑ ላይ የተጻፈበት ላፕቶፕ እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህ መረጃ ከጊጋኸርዙ እኩል በትልቁ መጻፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ውድ መግዛትም ብቻውን አያድንም። አፕል በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ማክቡክ ፕሮን በኮር አይ9 ሲያወጣ መነሻው 2.9፣ ጣሪያው 4.8 ተብሎ ነበር። ወዲያው ሞካሪዎች ከባድ ሥራ ላይ ከ2.9 በታች እንደሚወርድ አሳዩ። አፕል የሙቀት መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ላይ የጎደለ ነገር እንዳለ አምኖ በዚያው ወር በአፕዴት አስተካከለ። ቢያንስ ከመነሻው በታች መውረዱ የተስተካከለው ሰዎች ለክተው ስለተናገሩ ነው።

አዲስ አበባ ላለን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያንሳል፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ቀዝቃዛው አየራችን ከፊሉን ያካክስልናል። አቧራው ግን ያንኑ መልሶ ይወስድብናል፤ በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ፋኑን ማስጠረግና ቴርማል ፔስቱን (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ማስቀየር ግድ ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም 10 ደቂቃ አሂዱ። የመጀመሪያውን ደቂቃ እርሱት። ከዚያ በኋላ የረጋውን ዋትና ጊጋኸርዝ ጻፉ፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይም ያንኑ አድርጉና አወዳድሩ። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ የሚፈቅድ አይጠፋም።