ለምጽ ሲይዘኝ «አትጨነቂ» ያሉኝ ሰዎች

ለምጽ የወጣበት ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «አትጨነቅ» የሚለው ነው። እኔም ከሐኪም ሰምቼዋለሁ፣ ከዘመድ ሰምቼዋለሁ፣ ከማላውቀው ሰው ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ይህ ምክር ምን እንዳደረገኝ ልናገር ነው የምጽፈው። ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ጊዜ ራሴን ስወቅስ አልከርምም ነበር።

ምርመራው ቀላል ነበር። ሐኪሟ ክፍሉን አጨለመችና ፊቴንና እጄን በአልትራቫዮሌት መብራት አየች። ነጩ ቦታ ቦግ ብሎ ታየ። ለምጽ ነው አለችኝ፤ በሕክምናው ስም ቪቲሊጎ። የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ያጠፋቸዋል። አይተላለፍም፤ በመጨባበጥም፣ ፎጣ በመጋራትም አይጋባም። ከታይሮይድ ችግር ጋር አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ደም ሰጠሁ፤ ምንም አልተገኘብኝም። የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘልኝ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም።

ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገርኩ። «ዶክተር፣ ከቤት መውጣት እያስጠላኝ ነው» አልኳት። ካርዱ ላይ እየጻፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ «አይገድልም እኮ፤ መልክ ላይ ብቻ ነው። ደግሞ ጭንቀት ያባብሰዋል፤ አትጨነቂ» አለችኝ። ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ፤ እኔም ወጣሁ።

አይገድልም፣ እውነት ነው። መልክ ላይ ብቻ ነው የሚለው ግን ያናድደኛል። ሥራ ፍለጋ የምገባው በዚሁ መልኬ ነው። ከሰው ጋር የምተዋወቀው፣ ታክሲ ውስጥ የምቀመጠው፣ ገንዘብ ስከፍል እጄን የምዘረጋው በዚሁ መልኬ ነው። «ብቻ» የሚባል ነገር የት እንዳለ እስካሁን አልገባኝም።

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው። ጭንቀት ያባብሰዋል ከተባልኩ በኋላ፣ አዲስ ነጭ ነጥብ በወጣ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት በግራ እጄ ጠቋሚ ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነገር አየሁ። መስኮት ጋ ሄጄ አየኋት። ከዚያ በስልኬ መብራት አየኋት። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ያለፈውን ሳምንት መመርመር ጀመርኩ። የትኛው ማታ ነው ያለቀስኩት? ከማን ጋር ነው የተጣላሁት? እንቅልፍ ያጣሁት መቼ ነው? ለምጹ ቀርቶ መጨነቄ አስጨነቀኝ። ሐኪሟ ልታረጋጋኝ ብላ የተናገረችው ቃል ሌት ተቀን ራሴን የምከስበት ሆነ።

ስለዚህ ለአዲስ ሰው በግልጽ እላለሁ። ብዙ ታካሚዎች ለምጹ የጀመራቸው ከከባድ ጭንቀት በኋላ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ይህን አልክድም። ግን የበሽታው መሠረት በዘርና በሰውነት መከላከያ ውስጥ ነው። «ይቺ ነጥብ የወጣችው ማክሰኞ ስላለቀስሽ ነው» ብሎ ሊፈርድብሽ የሚችል ሐኪም የለም። ካለም አትስሚው።

ተመልሼ ሄጄ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ እንድትልከኝ ልጠይቅ ፈለግኩ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሰው በተሰለፈበት፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «እዚህ የሚታየው ቆዳ ነው፤ ለጭንቀት ከሆነ ሌላ ቦታ ሂጂ» አለኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ፊቴን አዩ፣ ከዚያ እጄን አዩ። ያን ቀን ሳልታይ ነው የተመለስኩት። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

የበለጠ የሚያበግነኝ ደግሞ በኋላ በራሴ ፍለጋ ያገኘሁት ነገር ነው። ለቆዳ ሕመምተኞች የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ DLQI የሚባል አንድ አጭር መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪታንያዋ ካርዲፍ ከተማ ነው የወጣው። 10 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት በቆዳሽ ምክንያት ምን ያህል አፈርሽ፣ የልብስ ምርጫሽን ምን ያህል ነካው፣ ሥራሽን ወይም ትምህርትሽን፣ ከሰው ጋር ያለሽን ግንኙነት እያለ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 30 ይደርሳል። ከ10 በላይ ከሆነ ሕመሙ ኑሮሽን በጣም ጎድቶታል ማለት ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተሞልቶ ያልቃል። ይህን ሁሉ ዓመት እያለ ማንም አልሰጠኝም።

ሞላሁት። የእኔ ድምር ከ10 እጅግ ያለፈ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አነበበችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ጻፈችልኝ። ከቤት መውጣት አስጠላኝ ስል ያልተሰማሁት ሴትዮ፣ ቁጥር ሳመጣ ተሰማሁ። መሆን አልነበረበትም፤ ግን የሚሠራው ይኼ ከሆነ ተጠቀሙበት። ሞልታችሁ ሂዱ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አንድም ቀን አትጨነቂ አላለችኝም። የጠየቀችኝ ለመደበቅ ምን ምን እንደማደርግ ነው። እጅጌዬን እስከ ጣቴ እጎትታለሁ። ስብሰባ ላይ ግድግዳው ጋ እቀመጣለሁ። ስልክ ባልፈልግም እይዛለሁ። የምትደብቂ ከሆነ ባትደብቂ ምን እንደሚፈጠር መቼም አታውቂም፣ ፍርሃቱም እንዳለ ይኖራል አለችኝ። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት የምፈራውን እጽፋለሁ፤ ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን እጽፋለሁ። «ሁሉም ያፈጡብኛል» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ እጄን አንዴ አየችው፣ መልስ ሰጠችኝ፣ «ቀጣይ» አለች። ሌላ ቀን ግን አንዲት ሴት ልጨብጣት ስል እጇን ሰበሰበች። እሱንም ጻፍኩት። ተናድጄ ነው ቤቴ የገባሁት። ግን ንዴት ነበር፣ ሐፍረት አልነበረም፤ ለእኔ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለጠያቂ የሚሆን መልስ ያገኘሁት ቼንጂንግ ፌስስ ከሚባለው የብሪታንያ ድርጅት ምክር ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1992 የመሠረተው ጄምስ ፓርትሪጅ በ18 ዓመቱ በመኪና አደጋ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ነበር። ምክሩ አስረጂ፣ አረጋጊ፣ ወሬውን ቀይሪ የሚል ነው። የእኔ እንዲህ ነው፦ «ለምጽ ነው፣ አይተላለፍም። ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው የተባለው?» ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት፤ በልብ ማለት አይበቃም። «እጅሽ ምን ሆኖ ነው?» ለሚል ሕፃን ደግሞ በቀጥታ ንገሩት። ልጆች መልስ ካገኙ ይበቃቸዋል። ልጁን እየጎተተች የምትሸሽ እናት ናት የምትጎዳው፣ እሱንም እኔንም።

«ራስሽን ውደጂ» የሚለው ምክርም አይስማማኝም። ነጩን ቆዳዬን አልወደውም፤ የመውደድም ግዴታ የለብኝም። ፊቴን እታከማለሁ፣ እጄን ትቼዋለሁ። ናሮውባንድ የሚባለው የብርሃን ሕክምና በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየተኬደ ወራት ይፈጃል፤ ፊት ላይ ጥሩ ይሠራል፣ የጣት ጫፍና እግር ላይ ግን ብዙም አይሆንለትም። ይህን መጀመሪያ ንገሩን! የጣቶቼን ቀለም ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩክሶሊቲኒብ የተባለ ቅባት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የለምጽ ታካሚዎች በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ እሱም ቢሆን ወራት ይፈልጋል። ሜካፕ የሚቀባ ሰው ራሱን አልተቀበለም የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። ስፈልግ እቀባለሁ፣ ሳልፈልግ እተወዋለሁ። ያለ እሱ ከበር መውጣት ካቃተሽ ብቻ ነው ባለሙያ ማማከር ያለብሽ። እንቅልፍ ካጣሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ደግሞ የቆዳ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ቀጥታ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂጂ።

ቆዳዬን በየቀኑ መመርመር አቁሜያለሁ። በወር አንዴ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አነሳለሁ፤ ለሐኪሟም ያ ይበቃታል። ቤተሰብንም ማስቆም ያስፈልጋል። እናቴ ገና በር ላይ ሳለሁ አገጬን ይዛ «እስኪ ልይሽ፣ ሰፋ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። «እማዬ፣ መጀመሪያ ሰላም በይኝ» አልኳት። ከፋት፤ ለጥቂት ቀን ዝም አለችኝ። አሁን ስገባ ስለ ሥራዬ ነው የምትጠይቀኝ።

መጠይቁ ካርድ ክፍሉ ላይ ለሁሉም የቆዳ ታካሚ እንዲሰጥ ለክሊኒኩ አመልክቻለሁ። «እናየዋለን» ተባልኩ። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ኮፒ አድርጌ ይዤ እሄዳለሁ።