ጅቡ ድብ ሆኖ የታተመበት መጽሐፍ

ማስተማር ካቆምኩ በኋላ ለልጆች አስቂኝ የእንስሳት ጀብዱ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፌ በ1,000 ቅጂ ሲታተም ገጽ 14 ላይ ያለው ጅብ ድብ ሆኖ ወጣ። በኢትዮጵያ ጫካ ድብ የለም። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ እነሆ እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ልጅ 32 ገጽ ይበቃል፤ በአንድ ገጽ ከ35 ቃል አትለፉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለቀልድ የተመቸ ነው። «አያ ጅቦ ሥጋውን አየና ዘሎ ጉድጓዱ ውስጥ» ብላችሁ ገጹን ጨርሱ፤ «ዘጭ!» የሚለውን ልጁ ሲገልጥ ያግኘው። ይህ የሚሠራው በቀኝ በኩል ባለው፣ ማለትም በጎዶሎ ቁጥር ገጽ ላይ ብቻ ነው። በግራ ገጽ ከጻፋችሁት የልጁ ዓይን ቀድሞ ወደ ቀኝ ሮጦ ቀልዱን ያበላሸዋል።

አጻጻፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ጀማሪ አንባቢ ይደናቀፋል። «ጅቡ ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ጅቡ በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ራት ነው። ወይ «ጅቡ ሥጋ ይበላል» ብላችሁ ገላግሉት፣ ወይ ሆን ብላችሁ ቀልድ አድርጉት። ሳታስቡት ግን አትለፉት።

እንስሳቱን ከእውነተኛ ጠባያቸው ጀምሩ። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ቀስ እያለች አይጥ ታድናለች፤ ጭላዳዎቹም ሣራቸውን እየነጩ ዝም ይሏታል። ተመራማሪዎች እንዳዩት ከመንጋው ጋር ስትሆን አደኗ የበለጠ ይሳካላታል። የጭላዳ ልጅ የነካች ቀበሮ ግን ተባርራለች። ግብዣው፣ ጨዋ መምሰሉ፣ መባረሩ፦ ታሪኩ ከነቀልዱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። በየሥልጠናው «መጨረሻው ላይ ምክር ይኑረው» ይባላል። እኔ አልቀበለውም። ልጁ ምክር ሲመጣ ያውቃል፣ መጽሐፉን ይዘጋል። አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ለመቁረጥ ከማንም በላይ የተቸገርኩት እኔ ነኝ።

ከሠዓሊው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ሁለተኛ እትምም ውሉ ውስጥ ይግባ። አይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤቱ ቀድማችሁ ውሰዱ፤ ባርኮዱ የኋላ ሽፋን ላይ ስለሚያርፍ ገጽ አቀናባሪው ይፈልገዋል። ሥዕሉ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 የቀለም ነጥብ) ይሁን፤ ከገጹ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይውጣ፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል።

አሁን ወደ ድቡ።

ገጽ 14 የሐረር ሌሊት ነበር። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ፊደሉ ነጭ፣ መጠኑ 12 ነጥብ፣ ፎንቱ ቀጭንና ቆንጆ። ችግሩ ያለው ራሱ ፊደላችን ላይ ነው። ጅ ማለት ድ ሆኖ አናቱ ላይ ጭረት የተጨመረበት ነው። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ከና ኸ፣ ዘና ዠም እንዲሁ ናቸው። ጭረቷ ከጠፋች ፊደሉ ሌላ ፊደል ነው፤ እንደ ተበላሸ እንኳን አይመስልም።

ነጭ ፊደል በቀለም አይታተምም፤ ዙሪያው ቀለም ሲቀባ ባዶ የሚቀረው ወረቀት ነው ፊደል የሚሆነው። ቀለም ደግሞ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፤ ላዩ በማለስለሻ ባልተቀባ ወረቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቀጭኗን ጭረት ከላይም ከታችም ይገባባታል። በዚያ ላይ መደቡ ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ቅልቅል የተሠራ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) አለው፤ አንዱ ፕሌት የፀጉር ያህል ከተንሸራተተ የቀረችውንም ይደፍናታል። ገጹ ላይ «ጅብ» አምስት ጊዜ ነበር። ሦስቱ ድብ ሆኑ፣ ሁለቱ ጅብ ቀሩ። ልጁ የሚያነበው አንድ ጅብና አንድ ድብ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቁ ነው። «ሸሸ» ያልኩትም «ሰሰ» ሆኖ ነበር።

ፕሩፍ (ከኅትመት በፊት ለፈቃድ የሚቀርብ ናሙና) አላየህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። ማተሚያ ቤት ያሳዩኝ ግን በሌዘር ፕሪንተር የወጣ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመ ናሙና ነበር። ማሽኑም ሌላ፣ ወረቀቱም ሌላ። እዚያ ላይ ጅብ ጅብ ነበር፤ እኔም ፈረምኩ። አቤት ስል የተመለሰልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መምህር፣ ፈርመውበታል እኮ።» እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መልሱ ትክክል መሆኑ ነው። ስንት ዓመት በተማሪ ደብተር ላይ «በጥንቃቄ አንብብ» ብሎ የጻፈ እጅ ነው የፈረመው።

አንድ ገጽ ብቻ አሳትሞ መቀየር የሚቻል መስሎኝ ነበር። አይቻልም። በሽቦ የሚሰፋ 32 ገጽ መጽሐፍ ሁለት ባለ 16 ገጽ ጥራዝ ነው፤ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ይገባል። ከገጽ 9 እስከ 24 ያለው የውስጠኛው ነው፤ ስለዚህ ለገጽ 14 ሲባል 16ቱም ገጽ እንደገና ታተመ፣ ከኪሴ። ሽቦውን በእጅ ፈትተን መልሰን ስናሰፋ ሽፋኑ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ ቀረ። ያን እትም የያዛችሁ ካላችሁ ጀርባውን እዩት።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። ጽሑፍ ጠቆር ባለ ሥዕል ላይ አላስቀምጥም። ፊደሉ ጥቁር ከሆነ ከጥቁሩ ቀለም ብቻ 100 ፐርሰንት ይሁን፤ ከአራቱ ተደባልቆ ከተሠራ ፕሌት ሲንሸራተት ጥላ ያወጣል። ነጭ ፊደል የግድ ከሆነ ከ18 ነጥብ በላይ፣ ወፍራም፣ መደቡም ከሁለት ቀለም ያልበለጠ። ማተሚያ ቤቶች አብረቅራቂ አርት ፔፐር ይገፋፏችኋል፤ በዚህ ወረቀት ላይ ፊደል በደንብ ይወጣል፣ እውነት ነው፤ ግን አምፖል ሥር የተቀመጠ ልጅ የሚያየው ነጸብራቁን ነው። እኔ የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚባለውን ነው የምመርጠው።

ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑ ሲነሣ እዚያው ቁሙ። እውነተኛው ፕሩፍ ማለት በዚያ ማሽን፣ በዚያ ወረቀት የወጣው የመጀመሪያው ሉህ ነው። አጉሊ መነጽር ያዙ፤ ለማንበብ ሳይሆን ጭረት ለመፈለግ። ሉሁ ሲቆረጥ በሚወድቀው ጠርዝ ላይ «ሰሸ ተቸ ነኘ ከኸ ደጀ ዘዠ» የሚል መስመር በመደበኛው መጠን አስገቡ፤ እሱ ካልጠራ ሌላውንም ተጠራጠሩ። «ሠራተኛ ያልሆነ አይገባም» ይሏችኋል። መግባታችሁን ቀድማችሁ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ባላችሁ ውል ውስጥ አስገቡት።

የፎንቱን ነገርም እግረ መንገዴን ላንሣው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተከሉ ናቸው፤ ቦታው ስለማይበቃም እንደ ቋ እና ሟ ያሉትን በየስርቻው ወሽቀዋቸዋል። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሚዳቋ ጅራቷን ትጥላለች። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ጻፉ፣ ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ አስገቡ።

በሁለተኛው መጽሐፍም ሌሊት አለ። ጽሑፉን ጨረቃዋ ውስጥ አስገባነው፣ በጥቁር፣ በ18 ነጥብ። ሠዓሊው «ጨረቃዋ ከተራራው በለጠች» ብሎ አጉረመረመ። ትብለጥ።