የሊቲየም 6 ነገር

ዛሬ እማዬን ይዤ ሰኞ ገበያ ወርጄ ነበር። ጀበናዋ ባለፈው ሳምንት አንገቷ ላይ ተሰብራባት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሸክላ ሻጮቹን ሊጋርዳቸው ምንም አልቀረው። እማዬ አንዷን ጀበና ታነሳለች፣ በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። "ይቺ ስንጥቅ አለባት።" እኔ ባገላብጣት ባገላብጣት ምንም አላየሁም። ሻጯ ግን አልተከራከረችም፤ ዝም ብላ ሌላ አቀበለቻት።

ሰሞኑን የማነበው ነገር እዚያው ትዝ አለኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ አይፈረድብኝም። የአቶምን ኒውክለስም፣ መሃሉ ያለውን ፍሬ ማለት ነው፣ ከፍተን አናየውም። ኒውክለሱ ትንሽ ማግኔት ነው፣ ኤሌክትሮኑም ማግኔት ነው። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩና ፊት ሲዟዟሩ ጉልበታቸው በጥቂቱ ይለያያል። ሃይፐርፋይን የሚሉት ይህን ልዩነት ነው። ሊቲየም ሁለት ዓይነት አለው፦ 3 ፕሮቶንና 4 ኒውትሮን ያለው ሊቲየም 7፣ አንድ ኒውትሮን የሚያንሰው ደግሞ ሊቲየም 6። ልዩነቱ በድግግሞሽ ሲለካ በሊቲየም 7 ወደ 803.5 ሜጋኸርዝ፣ በሊቲየም 6 ወደ 228.2 ሜጋኸርዝ ይመጣል።

ደስ የሚለው ከዚህ በኋላ ነው። ኒውክለሱ ነጥብ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ስንት እንደሚሆን በስሌት ይታወቃል። ስፋት ስላለው ግን ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ በሊቲየም ከ10,000 እጅ 3 እጅ ገደማ። ከዚያች ጉድለት የኒውክለሱ የኤሌክትሪክ ክስና ማግኔትነቱ ምን ያህል እንደተዘረጉ ይሰላል። ልኬቱ የዜማክ ራዲየስ ይባላል። ስሙን መጀመሪያ ሳየው ከዜማ ጋር የሚያያዝ መስሎኝ ነበር፤ የሰው ስም ነው ለካ።

ሊቲየም 6 ግን ጉደኛ ነው። የኤሌክትሪክ ክሱ ራዲየስ ብቻውን 2.59 ፌምቶሜትር (የሜትር ሚሊዮን ቢሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ የሊቲየም 7 ወደ 2.44። ስለዚህ ኒውትሮን የጎደለው 6ቱ ወፈር ይላል። በዜማክ ሲለካ ተገለባበጠ፦ 7ቱ ወደ 3.3፣ 6ቱ ወደ 2.3። ከኒውክለር ፊዚክስ በኩል ለ6ቱ የተገመተው ደግሞ 3.7 አካባቢ ነበር። ይህ ለጥቂት የሳተ አይደለም፣ ጭራሽ አልተገናኘም። እኔ ክፍል ውስጥ ሁሌ መልሱ የሚገጥም ጥያቄ ብቻ ነው የምሰጠው። ቆይ፣ ለምን?

ማታ መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን ቁጭ ብለን ለእማዬ ነገርኳት። ሊቲየሙ እዚሁ ስልክ ባትሪ ውስጥ አለ፣ ከ100 አቶም ከ92 በላይ የሚሆኑት ሊቲየም 7፣ የቀሩት ሊቲየም 6 ናቸው አልኳት። ሰምታ ሰምታ፣ "ሁለት ሰው አንድ ዕቃ አንኳኩቶ ሁለት ነገር ሰማ ነው የምትለኝ?"

"እንደዚያ ነው።"

"አብሽር፣ ደግመው ያንኳኩታ።"

ጀበናዋ ገና እየተሟሸች ነው። ቡናው ነገ ነው።