ስሙ ሳይሆን ልኩ

ጎንደር ፒያሳ ያሉ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ዛሬ ሊሸጡልኝ ይችሉ የነበረውን ዕቃ አልሸጥም አሉኝ።

የአባቴን የድሮ ስፒከር ሁለት ትዊተሮች፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሽ ክፍሎች፣ ይዤ ነው የሄድኩት። አንዱ ድምፁ ታፍኗል፤ ሌላው ጭራሽ ድምፅ የለውም።

"ጋሼ፣ ዕቃው ይገኝ ይሆን?"

"አዲስ አይገኝም። እስቲ መጀመሪያ እንየው።"

የታፈነው በቴስተር ወደ 6 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) አነበበ፤ ለ8 ኦም ትዊተር ጤነኛ ነው። ሲከፍቱት ኮይሉ (የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ) በሚንቀሳቀስባት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ፈሳሽ ደርቆ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ኮይሉን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነበር። ጋሼ ስስ ካርቶን በቀጭኑ ቆርጠው ክፍተቷን ዙሪያዋን ጠረጉ፤ ጠቁሮ ሲወጣ ጥለው ሌላ ይቆርጣሉ። ብረት አያስጠጉም፤ ማግኔቱ ስቦ ያስቧጭረዋል። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ቀና አላሉም።

"አዲስ ፈሳሽ እስክታገኝ ድምፁን ብዙ አትክፈተው" አሉኝ።

ድምፅ የሌለው ትዊተር ደግሞ ኮይሉ ተበጥሷል። ከጠረጴዛው ሥር ከተበላሹ ስፒከሮች የተፈቱ ዕቃዎች ያሉበትን ሣጥን አወጡና አንድ 25 ሚሊ ሜትር ኮይል ለኩ። ልክክ አለ! ገንዘቤን አወጣሁ። እሳቸው ግን በቴስተር ነኩትና መለሱት። "የ4 ኦም ነው። ይገባል፤ ግን ከጓደኛው ጋር አይስማማም፤ ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ክሮስኦቨርም ያዛባዋል።"

እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ከተማ አሮጌ ዕቃ ተስፋ አለው። ጎንደር ያላችሁ፣ የተበላሸ ስፒከር ከመጣላችሁ በፊት ትዊተሩን አስለኩልኝ፦ 8 ኦም፣ ኮይሉ 25 ሚሊ ሜትር። የየትኛውም ድርጅት ሥሪት ይሁን፣ መጥቼ እወስዳለሁ።